ከ12 ሺህ ብር 8 ሺሁን ደብቂ

በዚህ እትም ሁለት ደብዳቤ ነው የምመልሰው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል። ታሪኩ የኔም ስለሆነ ቶሎ ልላቀቀው አልቻልኩም።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሪያድ 7 ዓመት ሠርቼ የዛሬ 4 ወር ተመለስኩ። ወድጄ አይደለም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሳይታደስ ቀረ፣ ተያዝኩ፣ ተላኩ። ስልከው የነበረው ብር ለአባቴ ሕክምናና ለእህቶቼ ትምህርት አልቋል፤ አይቆጨኝም። አሁን እጄ ላይ ያለው ስልኬን ሸጬ ያገኘሁት 12 ሺህ ብር ብቻ ነው። የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ከእናቴ ጋር ነን። ጎረቤት ሁሉ «ካርጎሽ መቼ ይደርሳል?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ከቤት መውጣት አስጠልቶኛል። አንዱ «ቡቲክ ክፈቺ» ይለኛል፣ ሌላዋ «ዕቁብ ግቢበት» ትለኛለች። አንድ ደላላ ደግሞ «በጅቡቲ በኩል መልሼ ልላክሽ፣ ሂሳቡን ደርሰሽ ትከፍያለሽ» አለኝ። እርስዎም ከሳዑዲ ባዶ እጅዎን ተመልሰው ሥራ እንደጀመሩ ጽፈው አንብቤያለሁ። እኔ ከልብስ ማጠብ፣ ከቤት ማጽዳትና ከምግብ በቀር የማውቀው የለም። ከምን ልጀምር?

ሐ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ ጎረቤት ነን።

«ካርጎሽ መቼ ይደርሳል?» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እኔን የጠየቁኝ «ሻንጣሽ የት አለ?» ብለው ነበር። ሻንጣ! ከጅዳ የመጣሁት በአንድ ጥቁር ፌስታል ነው። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ነበር። ሳዑዲ ፈቃድ ለሌላቸው የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው የበረታበት ወቅት። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመልሷል፤ ቦሌ ቀን ከሌሊት ሰው ሲያወርድ ነበር። እኔ በአባያና በነጠላ ጫማ ወረድኩ። የኅዳርን ብርድ ረስቼው ነበር። አንዲት የማላውቃት ልጅ ጋቢ አለበሰችኝና ስሟን ሳልጠይቃት ሰው ውስጥ ጠፋች። ጋቢው ዛሬም ልጄ አልጋ ላይ ነው።

ደላላውን በአጭሩ ልጨርሰው። «ደርሰሽ ትከፍያለሽ» ማለት ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ትሻገሪያለሽ፣ የመን ላይ ይይዙሻል፣ ለእናትሽ ይደወላል፣ እናትሽ ያላትን ሸጣ ትከፍላለች ማለት ነው። ይህን መንገድ ካንቺ በላይ የሚያውቀው ወሎ ነው፤ ሰፈርሽ ውስጥ ጠይቂ፣ አንድ ቤት አታጪም። መሄድ ከፈለግሽ ሕጋዊውን መንገድ ጠይቂ። እኔ በተመለስኩበት ሰሞን ጉዞው ታግዶ ነበር፣ እገዳው የተነሣው በ2010 ነው። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የቪዛውንና የትኬቱን ወጪ አሠሪው እንዲችል ያዛል። ስለዚህ የቪዛ ብር የሚጠይቅሽ ሰው ገና ሲጀምር እየዋሸሽ ነው።

ቡቲክም ይቅር። 12 ሺህ ብር ለቤት ኪራይ ቀብድ አይበቃም። ቢበቃም ያልተሸጠ ሱሪ አይበላም። ያልተሸጠ ሳምቡሳ ግን ልጅሽ ትበላዋለች።

ዕቁብ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም አለሁበት። ግን በዋናው ብር አይገባም። ዕቁብ የሚጣለው ከትርፍ ነው። ገና ትርፍሽን ሳታውቂ ገብተሽ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቢወጣልሽ ደስ ይልሻል፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በምን ትከፍያለሽ? ዋስሽ ማን ነው? እናትሽ ናት። ዳኛው ደግሞ እናትሽ ደጅ ይመጣል። ስድስት ወር ሥሪና ግቢ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከ12 ሺሁ 8 ሺሁን ደብቂ። ባንክ አስገቢው፣ ወይም ቁም ነገረኛ አክስት ካለችሽ እሷ ጋ አስቀምጪ። በቀረው 4 ሺህ ጀምሪ። ሰዎች «ያለሽን ሁሉ አፍስሺበት፣ ቆራጥ ሁኚ» ይሉሻል። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሥራሽ ሊወድቅ ይችላል። እንዲያውም ይወድቃል ብለሽ ጀምሪ። የምትደብቂው ብር ለሁለተኛው መነሻ ነው።

እንዴት እንደማውቅ ልንገርሽ።

አዲስ አበባ ሳሪስ አክስቴ ቤት ተጠጋሁ። ለወንድሜ የላክሁት የ6 ዓመት ብር ምን እንደሆነ አልነግርሽም፣ አንቺም አትጠይቂኝ፣ ዛሬ ታርቀናል። ከአክስቴ 300 ብር ተበደርኩና አትክልት ተራ ሄድኩ። ያኔ አትክልት ተራ ፒያሳ ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ገዝቼ አንድ ምግብ ቤት አጠገብ ሸራ አነጠፍኩ። ጉሊት። ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ እደረድራለሁ፣ ሰው ያልፋል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የአገሬ ሰው ያየኛል ብዬ ሻሼን እስከ ዓይኔ ነበር የምስበው።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል የምግብ ቤቱ ወጥ ቤት መጥታ ሁለት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ገዛች። ስትሄድ አጉረመረመች፤ «መግዛቱ መች ገደለን፣ መላጡ እንጂ።» ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ አልረሳትም። ማታ ሦስት ኪሎ ላጥኩ። ራሱን ትሰባብሪዋለሽ፣ ፍልቃቂውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ልጣጩ ሲለሰልስ በጥፍርሽ ጫፍ ትገፊዋለሽ። ከአንደኛው ኪሎ በኋላ ጣት ይቃጠላል። ከሁለተኛው በኋላ ዓይን። ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ወደ መስኮቱ ፈቀቅ ይላል። ጠዋት ንጹህ ነጭ ነጩን በፌስታል አድርጌ ለወጥ ቤቷ ሰጠኋት። ከአንድ ወር በኋላ ለሦስት ቤት እልጥ ነበር። ማዳም ቤት 6 ዓመት ስልጥ ኖሬ እውቀት አልመሰለኝም ነበር። አንቺም «የማውቀው የለም» ብለሽ ጽፈሻል። የዘረዘርሻቸውን ሦስቱን እንደገና አንብቢያቸው።

ከነጭ ሽንኩርቱ ወደ ሽሮ ገባሁ። ይቺው ወጥ ቤት ናት «ሽሮስ አታዘጋጂም?» ያለችኝ። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ የከሰርኩት፣ እየከሰርኩ መሆኔን እንኳ ሳላውቅ።

ዋጋው የዛሬ አይደለም፣ ለሂሳብ እንዲመች ደፍኜ ልንገርሽ። 10 ኪሎ አተር በ100 ብር ገዛሁ እንበል፣ 1,000 ብር። ቅመምና ጨው 240። ወፍጮ 60። ፌስታል 40። ታክሲ 60። ድምሩ 1,400። ለ10 ኪሎ አካፈልኩት፣ አንዱ ኪሎ 140 ወጣበት። በ150 ስሸጥ በኪሎ 10 ብር አተርፋለሁ አልኩ። ደስ አለኝ። ግን አተር ሲቆላ ይቀንሳል። ሲከካ ገለባው ይወጣል። ሲነፋ ደግሞ ወንፊቱ ላይ የሚቀረውና ነፋስ የሚወስደው አለ። ከ10 ኪሎ የሚተርፈኝ 8 ኪሎ ክክ ነበር። ቅመሙና ጨው ሲጨመር 9 ኪሎ ሽሮ። 9 ኪሎ በ150 ስንት ነው? 1,350። ባስፈጨሁ ቁጥር 50 ብር እከስራለሁ። የድካሜን ሳልቆጥር! የጎደለችውን ኪሎ ደግሞ «እኛው ቤት ዘግነን በልተናት ነው» እያልኩ አክስቴን በሆዴ እወቅሳታለሁ። የአክስቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ ደብተሯ ላይ ሠርታ ያሳየችኝ እሷ ናት። ያን ቀን ዋጋ ጨመርኩ። ሁለት ደንበኛ ሄደብኝ፣ ይሂዱ።

ሁለተኛው ውድቀት ዱቤ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ ሠራተኞች ሽሮዬን ወደዱት። «ደሞዝ ሲወጣ» ይሉኛል። እንዴት እምቢ ልበል? የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ «እህታችን» ይሉኛል። 14 ሴቶች፣ 2,300 ብር። አንድ ቀን አተር ለመግዛት ሙዳዬን ከፈትኩ፣ 85 ብር አለ። ሽሮዬ ተወዶ፣ ደንበኛዬ በዝቶ፣ አተር መግዣ የለኝም። ደሞዝ ወጣ፣ ግማሹ ከፈሉ። አንደኛው ቢሮ ሌላ ሰፈር ተዛውሮ ሄደ። ሥራው ቆመ። የተደበቀ ብር አልነበረኝም። ሁለተኛውን መነሻ ያገኘሁት ሁለት ወር ሰው ቤት ልብስ አጥቤ ነው። «ደብቂ» የምልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ስላንቺ እናውራ። ኮምቦልቻ ነሽ። ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ማለዳ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ ሰው አለ። ሪያድ ሳምቡሳ ስትጠብሺ ኖረሻል ብዬ ልገምት፤ ረመዳንን እዚያ ያሳለፈች ሴት ሳምቡሳ መጠቅለል አታጣውም። እኔ ብሆን ከሳምቡሳና ሻይ እጀምራለሁ። አንቺ የተሻለ ታውቂ ይሆናል፣ ግን ምርጫሽ ምንም ይሁን ጠዋት ገዝተሽ ማታ ብሩን የምትቆጥሪበት ሥራ ይሁን።

መጀመሪያ ሦስት ቀን ምንም አትሽጪ። የፋብሪካው በር ላይ ቁሚ። ሰው በስንት ሰዓት ይወጣል? በየት በኩል ያልፋል? በእጁ ምን ይዟል? ማን ምን ይሸጣል? በስንት? ከሸጡት ይልቅ ተሸጦ ያላለቀላቸውን ተመልከቺ። ሰው ያፈጠጠብሽ ከመሰለሽ ታክሲ የምትጠብቂ ምሰዪ።

ቦታሽ ከሰፈርሽ ራቅ ይበል። ለሁለት ነገር። አንደኛው ያው ሐፍረቱ ነው፤ «ሐፍረትን ተዪው» ብዬ አልሰብክሽም፣ እኔም ቶሎ አልተወኝም። በማያውቁሽ ሰዎች ፊት ይቀላል። ሁለተኛው ዱቤ ነው። ጎረቤትን «የለም» ማለት ይከብዳል፣ መንገደኛን አይከብድም።

ሳምቡሳ ላይ ገንዘብሽን የሚበላው ዘይት ነው። ከመጥበስሽ በፊት ዘይቱን በጆግ ለኪ፣ ስትጨርሺና ሲቀዘቅዝ እንደገና ለኪ። የጎደለው ሁሉ ወጪ ነው። ቁራጭ ሊጥ ጣል አድርጊበት፣ ወዲያው ተንጫጭቶ ብቅ ካለ ጥበሺ። እታች ከተኛ ጠብቂ፣ ያልጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ሳምቡሳ ዘይት ይጠጣል፣ ብርሽን ጠጣ ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት ፍሬ እንደሚወጣ ቁጠሪ። በግምት አይሆንም፣ ቁጠሪ። ዱቄት፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ መጠቅለያ ወረቀት፣ የባጃጅ። ሁሉንም ደምረሽ ለፍሬው አካፍዪ። ከማካፈልሽ በፊት ግን የተቃጠለውንና ልጅሽ የበላችውን ከፍሬው ላይ ቀንሺ። ከዚያ ዋጋ አውጪ።

ሁለት ቦርሳ ያዢ። በአንዱ የነገ ዱቄትና ዘይት መግዣ፣ በሌላው የቤት። ማታ ስትገቢ መጀመሪያ የሚሞላው የነገው ነው። የቀረው፣ 40 ብርም ይሁን፣ ለቤት። እናትሽ ቅር ሊላቸው ይችላል። የእኔ አክስት አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀበሌሽ ሂጂና ከስደት ተመላሽ መሆንሽን አስመዝግቢ። የተመለስሽበትን ወረቀት አትጣይ። በማኅበር መደራጀት፣ የመሸጫ ቦታ፣ ብድር ሲመጣ ስሙ ያለ ሰው ነው የሚጠራው። ግን እሱን እየጠበቅሽ ቤት አትቀመጪ። ጠዋት ጥበሺ፣ ከሰዓት ቀበሌ ሂጂ።

ለጎረቤቶችሽ ደግሞ «ካርጎው መንገድ ላይ ነው» በያቸው። እኔም የሻንጣዬን ነገር እንዲያ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። ከዚያ ረሱት።

ጥያቄ፦

የ56 ዓመት ሰው ነኝ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው እሳት ሱቄ ከነዕቃው ነደደ። ዕቃው ግማሹ ከሦስት ጅምላ ነጋዴዎች በዱቤ ያነሣሁት ነበር። ልጄ ትንሽ ብር ሰጥቶኝ እንደገና በእጄ እያዞርኩ ካልሲና የውስጥ ልብስ መሸጥ ጀምሬያለሁ። አበዳሪዎቼን ላለማግኘት የስልክ ቁጥሬን ቀይሬ በሌላ ሰፈር ነው የምዞረው። 30 ዓመት ስሜን ጠብቄ ኖሬ እንዲህ መሆኔ እንቅልፍ ነሳኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?

የመርካቶ ሰው

መልስ፦

ጋሼ፣ ስለ እሳት ምንም አላውቅም። የ30 ዓመት ሱቅ ሲነድ ማየትንም አላውቅም፣ ስለዚህ «አይዞዎት» ብዬ አልፈዋለሁ። ዱቤ ግን አውቃለሁ፣ ያውም ከአበዳሪዋ ወገን ሆኜ። ከዚያ ወገን ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ልንገርዎት።

የድሮውን ሲም ይክፈቱት። አበዳሪ የሚናደደው ብሩ ስለዘገየ ብቻ አይደለም፣ ስልኩ ስለተዘጋ ነው። እሳቱን ሦስቱም ያውቃሉ፤ ምናልባት የእነሱም ዕቃ ነዷል። ሱቁ እንደነደደ አይተው ሊምሩዎት የተዘጋጁ ይኖሩ ይሆናል፣ ግን ለጠፋ ሰው ምሕረት አይደረግም፤ ማንን ይማሩታል?

ሦስቱንም በአንድ ቀን አይሂዱባቸው። መጀመሪያ ትንሽ ያበደረዎት ጋ ይሂዱ፣ ከሱ ጋር ሲስማሙ ለሌሎቹ ድፍረት ይሆንዎታል። የሚያከብሩት አንድ የመርካቶ ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ፣ በሠራተኛ በተሞላ ሱቅ መሐል ሳይሆን ቡና ላይ። ዕዳውን ራስዎ በቁጥር ይናገሩ፤ እነሱ መዝገብ እስኪገልጡ አይጠብቁ። ከዚያ በየሳምንቱ ሊከፍሉ የሚችሉትን ይንገሯቸው። የሚችሉትን ነው የምልዎት፣ የሚያምረውን አይደለም። 200 ብር ከሆነ 200 ይበሉ። 1,000 ብለው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከቀሩ የ30 ዓመቱ ስም ያን ቀን ነው የሚነደው። ካልሲውንም ከእነሱ ይውሰዱ፣ በእጅ በእጅ እየከፈሉ። ሲሸጡ እያዩዎት ነው ልባቸው የሚያርፈው።

ከላይ ለሐ. የጻፍኩላትን 14 ሴቶች አንብበው ይሆናል። አንዷ 240 ብር ነበረባት። ቢሮዋ ተዛወረ፣ ስልኳ ተዘጋ፣ እኔም ረግሜ ረግሜ ተውኩት። ከ7 ወር በኋላ ጉሊቱ ጋ መጣች። ከሥራ ወጥታ ነበር፣ ለካ ያኔ ነው ስልኳ የተዘጋው። 90 ብር በእጇ፣ በሌላው እጇ አንድ ፌስታል ሎሚ ይዛለች። «የቀረውን በየወሩ» አለች፣ ዓይኔን ሳታየኝ። ብሩን ተቀበልኩ። ሎሚውንም ተቀበልኩ። ከዚያ አንድ ኪሎ ሽሮ መዝኜ ሰጠኋትና ደብተሬ ላይ ጻፍኩባት።